ለሰሌዳ ጨዋታዎች ታሪክ ጉባኤ ጥናት ስታዘጋጁ

ለመጀመሪያ ጊዜ በሰሌዳ ጨዋታዎች ታሪክ ጉባኤ ላይ ጥናት ሳቀርብ የተሰጠኝ 20 ደቂቃ ነበር። 12ቱን «ይህ ጨዋታ በጣም ጥንታዊ ነው» እያልኩ ጨረስኩት። የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ አንዲት ሴት እጇን አወጣች። «ጥንታዊው ምኑ ነው? ሰሌዳው ነው፣ ሕጉ ነው ወይስ ስሙ?» መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ጥናት የምጀምረው በእሷ ጥያቄ ነው። እናንተም ከዚያ ጀምሩ።

ሦስቱም የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። በዛሬዋ ኢራቅ የነበረችውን የጥንቷን የኡር ከተማ ጨዋታ ውሰዱ። ሰሌዳዎቹን አርኪዮሎጂስቱ ሊዮናርድ ዉሊ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከኡር መቃብሮች ቆፍሮ አወጣቸው። የተሠሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት 2600 ገደማ ነው። አጨዋወቱን የምናውቀው ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት 177 ገደማ በባቢሎን ከተጻፈ የሸክላ ጽሑፍ ነው። እሱን አንብቦ የፈታው የብሪቲሽ ሙዚየሙ ኧርቪንግ ፊንከል ነው። በሰሌዳውና በጽሑፉ መካከል ከ2,000 ዓመት በላይ አለ። ስለዚህ «የኡር ሰዎች እንዲህ ይጫወቱ ነበር» ብላችሁ አትጻፉ። ሰሌዳው የመቼ፣ ሕጉ የመቼ እንደሆነ ለዩ።

ስምም ያሳስታል። የቼዝ ጥንታዊ ዘር የሆነው የሕንዱ ቻቱራንጋ ፋርስ ገብቶ ቻትራንግ ሆነ፤ በዐረብኛ ሻትራንጅ ተባለ፤ እኛ ጋ ሰንጠረዥ ሆኖ ዛሬ ቁጥር ለምንደረድርበት ሠንጠረዥ ጭምር መጠሪያ ነው። ስሙ ይህን ያህል ተጓዘ ማለት ሕጉ ሳይለወጥ አብሮት ዞረ ማለት አይደለም። በቀድሞው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ተራ አይጠበቅም ነበር። አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ፤ ይህም ወረራ ይባላል። እንዲህ ያለ ነገር ካገኛችሁ ጥናታችሁን እሱ ላይ ገንቡት። አንድ እንዲህ ያለ ልዩነት ከአሥር ገጽ «ጥንታዊ» ይበልጣል።

ድንጋይ ላይ የተፈለፈለ ሰሌዳ የምታጠኑ ከሆነ ደግሞ ረጋ በሉ። በግብፅ ቁርና ቤተ መቅደስ ድንጋዮች ላይ የተቀረጹ ሰሌዳዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት የ1400 ገደማ ናቸው እየተባለ ለረጅም ጊዜ ተጠቅሷል። እዚያው አጠገባቸው ግን በክርስትና ዘመን የመጡ የኮፕት መስቀሎች ተቀርጸዋል። ቤተ መቅደሱ ጥንታዊ ስለሆነ ጭረቱም ጥንታዊ ነው ማለት አይቻልም። የገበጣ ጉድጓድ የሚመስል ረድፍ ስታገኙም መጀመሪያ ተዳፋቱን ለኩ። ጠጠር አስቀምጣችሁ ተንከባልሎ ከወደቀ ማንም እዚያ ላይ አልተጫወተም። ፎቶ ስታነሱ አጠገቡ መለኪያ አኑሩ።

ወደ ጉባኤው እንምጣ። በዚህ ዘርፍ የሚታወቀው ዓለም አቀፍ ጉባኤ በ1990 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ብሪቲሽ ሙዚየም የተጀመረው ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ከአርኪዮሎጂስት ጎን የሒሳብ ሰው፣ የጨዋታ ዕቃ ሰብሳቢና የሙዚየም ባለሙያ ይቀመጣል። ሁሉም የእናንተን ጨዋታ ያውቃል ማለት አይደለም። አጭር መግለጫችሁ (አብስትራክቱ) ላይ አንድ ጥያቄ፣ አንድ ማስረጃ፣ አንድ መልስ ይበቃል። «ከጥንት ጀምሮ» የሚል ሐረግ ካለ ሰርዙት።

አሁን ከሁሉ በላይ የምወደው ክፍል። በሁለተኛው ጉባኤዬ የገበጣ ሰሌዳ ይዤ ሄድኩ። በሻይ ሰዓት አንድ ሽማግሌ ተመራማሪ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ጽሑፌን በግራ እጃቸው ይዘው በቀኙ ጠጠር እያነሱ አንድ በአንድ ጉድጓዶቹ ውስጥ መጣል ጀመሩ። የመጨረሻዋ ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ላይ አረፈች። ቀና ብለው «አሁንስ?» አሉኝ። ገጹን አገላበጥኩ። አልጻፍኩትም። ከልጅነቴ ጀምሮ ስጫወተው እጄ ያውቀዋል፤ ወረቀቱ ግን አያውቅም።

ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ጽሑፋችሁን ስጡት። እናንተ ዝም በሉ። በእጅም በዓይንም አትምሩት። ያቆመበት ቦታ ሁሉ የጎደለ ሕግ ነው፤ ጻፉት። እኔ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፣ አራት ሕግም ጎድሎኝ ነበር።

ተጫዋቾችን ስትጠይቁም ሁለት ሰው ሁለት ዓይነት ሕግ ቢነግራችሁ አንዱን ትክክል፣ ሌላውን ስህተት አታድርጉ። ሁለቱንም መዝግቡ፤ ማን፣ የት፣ ከማን እንደተማረው ጭምር። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያና አካባቢዋ ገበጣ ሲጽፍ ከ100 በላይ አጨዋወቶችን አሰባስቧል። «ትክክለኛውን» ብቻ ፈልጎ ቢሆን ኖሮ የቀሩት ዛሬ ለእኛ ባልደረሱ ነበር።

ስለ ስላይድ ብዙ አልናገርም። መጀመሪያ ባዶ ሰሌዳ አሳዩ፣ ቀጥሎ አንድ እንቅስቃሴ፣ ከዚያ ውጤቱን። ሕጉን በሁለት ደቂቃ ጨርሱና ወደ ማስረጃው እለፉ። ማስረጃ የሌለው ጥያቄ ሲመጣባችሁ «እስካሁን ማስረጃ አላገኘሁም» በሉ። እዚያ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይህን መልስ ያከብራል።

ሰሌዳችሁን ከእጃችሁ አትለዩት፤ ሻንጣ ውስጥ ከገባ ይሰነጠቃል። ጠጠሮቹን አፉ በሚታሰር ከረጢት ያዙ። 12 ጉድጓድ ባለውና በየጉድጓዱ 4 በሚገባበት ገበጣ የሚያስፈልጋችሁ 48 ነው፤ እናንተ 55 ያዙ። ሻይ ሰዓት ላይ ሰሌዳውን ክፍት አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ ተዉት። ሰው ራሱ መጥቶ ይቀመጣል።