ጨረሩን ያዘገየው ኮዴ ነበር
በ24 ጊጋኸርዝ በሚሠራ ባለ 8 አንቴና ራዳር ሳምንት ሙሉ ታገልኩ። ጨረሩ ከግራ ወደ ቀኝ ቃኝቶ ሳይጨርስ የሚራመደው ሰው ቦታ ይቀይራል። መጀመሪያ አንቴናውን ጠረጠርኩ፤ ግን በአንቴናዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ልክ ግማሽ የሞገድ ርዝመት፣ 6.25 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ስለዚህ ጨረሩን 30 ዲግሪ ለማዞር በጎረቤት አንቴናዎች መካከል የ90 ዲግሪ የፌዝ (ሞገዱ በዑደቱ ላይ ያለበት ደረጃ) ልዩነት ይበቃል። ጥፋቱ ኮዴ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ አቅጣጫ የ8ቱንም ፌዝ እንደገና አስልቶ በኤስፒአይ (ቺፖች መረጃ በሚለዋወጡበት መስመር) አንድ በአንድ ይልካል። አሁን ሁሉንም አስቀድሜ አስልቼ ፌዙን የሚቀይረው ቺፕ ሚሞሪ ላይ ጫንኩት፤ የምልከው የአቅጣጫውን ቁጥር ብቻ ነው። በጣም ፈጠነ! ደግሞ ጨረሩ እንደዞረ የሚመጡት የመጀመሪያ ናሙናዎች ገና አልተረጋጉምና ጣሏቸው። እኔ እስክጥላቸው ድረስ የሌለ ዕቃ ይታየኝ ነበር።