የወደፊቱን ፖርሽ 911 ለመሳል ከየት እንጀምር?

መጀመሪያ የጎኑን መስመር ብቻ ሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1963 ፍራንክፈርት ላይ ከታየው ከመጀመሪያው 911 ጀምሮ ጣሪያው ሳይቆረጥ እስከ ኋላ ፓራውልት ይወርዳል፤ ሞተሩ ከኋላ ስለተቀመጠ የፊት ኮፈኑ ዝቅ ይላል፣ ፓራፋንጎዎቹ ደግሞ በግራና በቀኝ ጉብ ብለው ይታያሉ። ይህ መስመር ከተበላሸ ሌላው ጌጥ ሁሉ አያድናችሁም።

ቀጥሎ መብራቱ። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ! እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የ911 ትውልድ፣ 996 የሚባለው፣ ክብ መብራቱን ትቶ የፈሰሰ እንቁላል የሚመስል ቅርጽ ሲይዝ ብዙ ወዳጆቹ ተቀየሙ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የመጣው ተከታዩ ትውልድ 997 ክቡን መለሰው። ውስጡን እንደፈለጋችሁ በኤልኢዲ ሙሉት፣ ክቡን ግን አትንኩብኝ።

በድሮው 911 ዳሽቦርድ ላይ አምስት ክብ ጌጆች (መለኪያዎች) ነበሩ፣ ትልቁ የሞተር ዙር ቆጣሪ መሃል ላይ። ስክሪን ብታደርጉትም መሃሉን ለእሱ ተዉለት። ኒኬልና የድሮ አርማ አታብዙ፣ አንድ ሁለት ይበቃል።

በኤሌክትሪክ የሚሄድ ከሆነ ዋናው ጣጣ ባትሪው ነው። ወለሉ ላይ ካነጠፋችሁት ሹፌሩ ከፍ ይላል፣ ጣሪያውም አብሮት ይነሳል፣ ያ የለፋንበት መስመር ይጠፋል። እኔ ብሆን ከወንበሮቹ ኋላ እደረድረዋለሁ፤ ክብደቱም ወደ ኋላ ያደላል፣ እንደ ጥንቱ።