የወንዶች የዓለም ከርሊንግ ሻምፒዮናን ተረድቶ ለመመልከት የሚረዳ መመሪያ

በካናዳ፣ በስዊድን ወይም በስዊዘርላንድ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ በመጋቢት ወር ቴሌቪዥኑን ሲከፍት፣ በበረዶ ላይ ከባድ ድንጋይ የሚያንሸራትቱና ከድንጋዩ ፊት እየሄዱ በረዶውን በኃይል የሚጠርጉ ወንዶችን ሳያይ አይቀርም። ይህ የወንዶች የዓለም ከርሊንግ ሻምፒዮና ነው። ብዙ ተመልካች ጥቂት ደቂቃ አይቶ ጣቢያ ይቀይራል፤ ዓይኑ የሚንሸራተተውን ድንጋይ ብቻ ስለሚከተል፣ አንዱ ድንጋይ ከሌላው በምን እንደሚለይ አይታየውም። የጨዋታው ቁልፍ ግን ሌላ ቦታ ነው። የመጨረሻውን ድንጋይ የሚወረውረው የትኛው ቡድን እንደሆነ ያወቀ ሰው፣ ሌላው ነገር ሁሉ ቀስ በቀስ ግልጽ እየሆነለት ይሄዳል።

በመጀመሪያ ሜዳውንና የነጥብ አያያዙን ይወቁ። ሜዳው 45.72 ሜትር ርዝመት ያለው ጠባብ በረዶ ሲሆን፣ በየጫፉ ከዳር እስከ ዳር 3.66 ሜትር የሆነ ክብ ዒላማ ተሥሎበታል። ድንጋዮቹ ክብደታቸው ከ20 ኪሎ ግራም የማይበልጥ ጠንካራ ግራናይት ናቸው፤ ከስኮትላንድ ጠረፍ ራቅ ብላ የምትገኘው አይልሳ ክሬግ የተባለችው ደሴት ለዚህ ድንጋይ ስሟ የታወቀ ነው። በእያንዳንዱ ቡድን አራት ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ እያንዳንዳቸው ከተጋጣሚያቸው ጋር እየተፈራረቁ ሁለት ሁለት ድንጋይ ይወረውራሉ። 16ቱ ድንጋዮች ተወርውረው ሲያልቁ አንድ «ኤንድ» ተጠናቀቀ ይባላል፤ የሻምፒዮናው አንድ ጨዋታ 10 ኤንድ አለው፤ ከዚያ በኋላም ውጤቱ እኩል ከሆነ ተጨማሪ ኤንድ ይጫወታሉ።

ነጥብ የሚቆጠረው ኤንዱ ካበቃ በኋላ ብቻ ነው። ከዒላማው መሐል በጣም የቀረበው ድንጋይ የማን እንደሆነ ይታያል፤ ያ ቡድን ብቻ ነጥብ ያገኛል፣ ተጋጣሚው ምንም አያገኝም። የነጥቡም ብዛት፣ ከተጋጣሚው ምርጥ ድንጋይ ይልቅ ለመሐሉ የቀረቡት የዚያ ቡድን ድንጋዮች ብዛት ነው። ስለዚህ በዒላማው ላይ አምስት ቀይና አንድ ቢጫ ድንጋይ ቢኖሩና ከሁሉ የቀረበው ቢጫው ቢሆን፣ አምስቱ ቀያዮች ዋጋ የላቸውም፤ ቢጫዎቹ አንድ ነጥብ ይወስዳሉ። በጣም የተቀራረቡ ድንጋዮች ሲኖሩ ከዒላማው መሐል ላይ በሚተከል መለኪያ ይለካሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በእያንዳንዱ ኤንድ አሥራ ስድስተኛውን ድንጋይ የመወርወር መብት «ሀመር» ይባላል። ሀመሩን የያዘ ቡድን ተጋጣሚው የሠራውን ሁሉ ካየ በኋላ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው እርሱ ስለሆነ ትልቅ ብልጫ አለው። ነጥብ ያስቆጠረ ቡድን ግን በሚቀጥለው ኤንድ ሀመሩን ለተጋጣሚው ያስረክባል፤ ማንም ሳያስቆጥር ኤንዱ ባዶ ከቀረ፣ ሀመሩ በያዘው ቡድን እጅ ይቆያል። ጨዋታው ውስጡ እጅግ ጥልቅ የሆነው በዚህች አንዲት ደንብ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ነጥብ ማግኘት ሁልጊዜ ጥሩ አለመሆኑን የምታስተምር ደንብ ናትና።

ሀመሩን የያዘ ቡድን የሚፈልገው ሁለት ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ ነው። አንድ ነጥብ ብቻ ማግኘት ለእርሱ ከሽንፈት ብዙም አይርቅም፤ ትንሽ አግኝቶ ትልቁን መብት አሳልፎ ሰጥቷልና። በመሆኑም ከአንድ በላይ እንደማያገኝ ሲያውቅ፣ የመጨረሻውን ድንጋይ ሆን ብሎ ከዒላማው አሳልፎ በመልቀቅ ኤንዱን ባዶ ሲያደርገው ያያሉ፤ አዲስ ተመልካች እንደ ስሕተት የሚቆጥረው ይህ ውርወራ የታሰበበት ውሳኔ ነው። ሀመር የሌለው ቡድን በበኩሉ ተጋጣሚውን በአንድ ነጥብ ብቻ እንዲወሰን ለማስገደድ ይደክማል፤ ዕድል ከቀናው ደግሞ በተጋጣሚው ሀመር ራሱ ነጥብ ይወስዳል፤ ይህም ስርቆት ይባላል፣ በጨዋታው ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያሳምም ነገር ነው።

ይህን በምሳሌ ይመልከቱት። ስምንት ኤንድ አልቆ ውጤቱ 4 ለ 4 ነው እንበል፤ ሀመሩ በቀዮቹ እጅ ነው። ቀዮቹ በዘጠነኛው ኤንድ አንድ ነጥብ ቢያገኙ 5 ለ 4 ይመራሉ፤ ነገር ግን በአሥረኛው ኤንድ ቢጫዎቹ የመጨረሻውን ድንጋይ ይዘው ሁለት ነጥብ አግኝተው ማሸነፍ ይችላሉ። ቀዮቹ ዘጠነኛውን ኤንድ ባዶ ቢያሳልፉት ግን በእኩል ውጤትና በራሳቸው ሀመር ወደ አሥረኛው ይገባሉ፤ ያኔ አንዲት ነጥብ ብቻ ትበቃቸዋለች። ስለዚህ በዘጠነኛው ኤንድ ቀዮቹ ወደ ዒላማው የሚመጣውን ድንጋይ ሁሉ እየመቱ ሲያስወጡ ካዩ፣ ለአሥረኛው እየተዘጋጁ መሆናቸውን ይረዱ። አንድ ሙሉ ጨዋታ እየተመለከቱ በወረቀት ላይ በየኤንዱ ሀመሩ በማን እጅ እንደነበረና ስንት ነጥብ እንደተገኘ ቢጽፉ፣ የአሰልጣኞቹን ሐሳብ ማንበብ ይጀምራሉ።

ድንጋይ ከዒላማው በፊት ሲቆም ወርዋሪው ተሳሳተ ብለው አይፍረዱ። ከለላ ሆኖ እንዲቆም የተላከ ሊሆን ይችላል፤ በኋላ የሚመጣው ድንጋይ ተጠምዝዞ ከጀርባው ይሸሸጋል። ሀመር የሌለው ቡድን ከለላውን አብዛኛውን ጊዜ በሜዳው መሐል መስመር ላይ ያቆማል፤ ወደ ዒላማው መሐል የሚወስደውን መንገድ ለመዝጋት ነው። ሀመር ያለው ደግሞ ወደ ጎን ያቆመዋል፤ መሐሉ ለመጨረሻው ድንጋዩ ክፍት እንዲሆንለት ይፈልጋልና። ከ2018–2019 የውድድር ዓመት ጀምሮ በሚሠራበት ዓለም አቀፍ ደንብ፣ የኤንዱ አምስት ድንጋዮች ተወርውረው እስኪያልቁ ድረስ የተጋጣሚን ከለላ ድንጋይ መትቶ ከጨዋታ ማስወጣት አይፈቀድም። ቀድሞ ገደቡ እስከ አራተኛው ድንጋይ ብቻ ነበር፤ ለውጡ በብዙ ድንጋይ የተጨናነቀና ነጥብ የሚበዛበት ጨዋታ አምጥቷል፤ በእኔ ግምት ለተመልካች የተደረገ ትልቅ ውለታ ነው።

በረዶው ለስላሳ አይደለም። ከጨዋታው በፊት ባለሙያው የተጣራ ውኃ ጠብታ ጠብታ አድርጎ ይረጭበታል፤ ጠብታዎቹ ሲረጉ ትናንሽ ጉብታዎች ይሆናሉ፤ ድንጋዩም የሚሄደው በእነዚህ ላይ ነው። ተጫዋቹ ድንጋዩን ሲለቅ እጀታውን በዝግታ ስለሚያዞረው፣ ድንጋዩ እየዘገየ በሄደ ቁጥር ወደ ዞረበት አቅጣጫ ይጠማዘዛል። መጥረጉ የበረዶውን ገጽ በጥቂቱ በማሞቅ ሰበቃውን ይቀንሳል፤ የተጠረገለት ድንጋይ ርቆ ይሄዳል፣ ጉዞውም ይበልጥ ቀጥ ይላል። ጨዋታው እየገፋ ሲሄድ ጉብታዎቹ ይበላሉ፤ በሁለተኛው ኤንድ የሠራ ውርወራ በስምንተኛው ላይሠራ ይችላል፤ ታላላቅ ቡድኖች ከሌሎች የሚለዩትም ይህን ለውጥ ቀድመው በማንበብ ነው።

ተጫዋቾቹ ማይክሮፎን ስለሚያደርጉ ድምፃቸውን ማዳመጥ ብዙ ያስተምራል። ዒላማው አጠገብ የቆመው አለቃ፣ «ስኪፕ» የሚባለው፣ አቅጣጫውን ይዳኛል፤ ፍጥነቱን የሚዳኙት ጠራጊዎቹ ናቸው። ጠራጊዎቹ ድንጋዩ የት እንደሚቆም ለአለቃቸው የሚያሳውቁት በቁጥር ነው፤ ከ1 እስከ 3 ያሉት ከዒላማው በፊት ያለውን ስፍራ፣ ከ4 እስከ 10 ያሉት ዒላማውን ከፊት ወደ ኋላ የሚያመለክቱ ሲሆኑ፣ 7 ትክክለኛው መሐል ነው። «አራት» ሲሉ ከሰሙ፣ ድንጋዩ በዒላማው የፊት ጠርዝ ላይ እንደሚያርፍ ገምተዋል ማለት ነው። በነገራችን ላይ የመጨረሻዎቹን ሁለት ድንጋዮች የሚወረውረው ሁልጊዜ ስኪፑ አይደለም፤ በ2025 በተሰለፈው የስዊዘርላንድ ቡድን ስኪፑ ያኒክ ሽዋለር ሦስተኛ ሆኖ ሲወረውር፣ መዝጊያዎቹን የሚወረውረው ቤንዋ ሽዋርትዝ-ቫን በርክል ነበር።

የተጫዋቾቹን ጨዋነት ልብ ብለው እንዲመለከቱም እለምናለሁ። በመጥረጊያው ወይም በእግሩ የሚንቀሳቀስ ድንጋይ የነካ ሰው ዳኛ ሳይጠይቀው ራሱ እንዲናገር ይጠበቅበታል፤ የማሸነፍ ተስፋው ያለቀበት ቡድንም አሥሩ ኤንድ ሳይሞላ እጅ ጨብጦ ጨዋታውን ያቆማል። በ1972 በጀርመን ጋርሚሽ-ፓርተንኪርሽን በተደረገው ፍጻሜ አሜሪካ በሁለት ነጥብ እየመራች ሳለ፣ የካናዳው ኦረስት ሜሌሹክ የመጨረሻውን ድንጋይ ወረወረ። አሜሪካውያኑ ያሸነፉ መሰላቸው፤ ስኪፓቸው ቦብ ላቦንቴ በደስታ ሲዘል ተንሸራቶ ወደቀና የካናዳን ድንጋይ በእግሩ ነካ። ድንጋዩ ከቦታው ስለተነቃነቀ መለካት አልተቻለም፤ ካናዳ ሁለት ነጥብ ተሰጥቷት በተጨማሪው ኤንድ አሸነፈች። ካናዳ ከዚያ በኋላ እስከ 1980 ድረስ ዋንጫውን ስላላነሳች፣ ነገሩ በተጫዋቾች ዘንድ እንደ እርግማን ሲወራ ኖሯል።

የውድድሩ አወቃቀር ቀላል ነው። በ1959 ስኮትላንድና ካናዳ ብቻቸውን የጀመሩት ውድድር ከ2018 እስከ 2025 ባለው ጊዜ በአብዛኛው 13 ቡድኖች የተሳተፉበት ነበር፤ የቡድኖቹ ቁጥር በየዘመኑ ሲለዋወጥ ስለኖረ የዓመቱን መርሐ ግብር አስቀድመው ይመልከቱ። በ13 ቡድን ሥርዓት እያንዳንዱ ከሁሉም ጋር ይገጥማል፤ በድምሩ 78 ጨዋታ ይሆናል። ስድስቱ ያልፋሉ፤ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት በቀጥታ ወደ ግማሽ ፍጻሜ ሲገቡ፣ ሦስተኛው ከስድስተኛው፣ አራተኛው ከአምስተኛው ይጋጠማሉ። በመጀመሪያው ዙር ሀመሩን የሚወስን ሌላ ፈተና አለ፦ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ከየቡድኑ ሁለት ተጫዋቾች አንድ አንድ ድንጋይ ወደ መሐሉ ይወረውራሉ፤ የሁለቱ ርቀት በሴንቲሜትር ተደምሮ ያነሰው ቡድን ሀመሩን ያገኛል። እነዚህ ሴንቲሜትሮች ይመዘገባሉ፤ ቡድኖች በድል ብዛት እኩል ሲሆኑና እርስ በርስ ያደረጉት ጨዋታም ሳይለያቸው ሲቀር፣ ደረጃቸውን የሚወስነው ይህ መዝገብ ነው። ከዙሩ በኋላ ግን የተሻለ ደረጃ ይዞ የመጣው ቡድን የመጀመሪያውን ኤንድ ሀመር ያገኛል፤ ስለዚህ ማለፋቸውን ያረጋገጡ ቡድኖች በመጨረሻው ቀን የሚታገሉበት ምክንያት አላቸው።

ሰዓቱን አስቀድሞ ማስላት አይርሱ። ሻምፒዮናው በ2025 በተካሄደባት በካናዳዋ ሙስ ጆ እና በአዲስ አበባ መካከል የዘጠኝ ሰዓት ልዩነት አለ፤ እዚያ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሚጀምር ጨዋታ ለአዲስ አበባ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ፣ እዚያ ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚጀምረው ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ይውላል። በ2024 ውድድሩ በስዊዘርላንዷ ሻፍሃውዘን ሲደረግ ልዩነቱ በአብዛኛዎቹ ቀናት አንድ ሰዓት ብቻ ነበር። በአንድ ጊዜ ብዙ ጨዋታ ስለሚካሄድ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የታላላቆቹን፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት ደግሞ በአምስተኛና በስምንተኛ ደረጃ መካከል ያሉትን ቡድኖች ጨዋታ እንዲመርጡ እመክራለሁ፤ ውጥረቱ ያለው እዚያ ነው።

ስለ ቡድኖቹ ጥቂት ማወቅ ይጠቅማል። ካናዳ 36 ጊዜ ያሸነፈች ቀዳሚ አገር ብትሆንም፣ እስከ 2025 ባለው መዝገብ የመጨረሻ ድሏ በ2017 በኤድመንተን ብራድ ጉሹ ያመጣው ነው። ከዚያ ወዲህ ዘመኑ የስዊድኑ ኒክላስ ኤዲን ሆኗል፤ ከ2013 እስከ 2024 ባለው ጊዜ በስኪፕነት ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። የስኮትላንዱ ብሩስ ማውአት በ2023 በኦታዋ፣ በ2025 ደግሞ በሙስ ጆ ስዊዘርላንድን 5 ለ 4 ረትቶ ዋንጫውን ወስዷል። ስኮትላንድ በዚህ ሻምፒዮና በራሷ ስም ትሰለፋለች፤ በኦሊምፒክ ግን ተጫዋቾቿ ለታላቋ ብሪታንያ ይጫወታሉ።

በካናዳ ከተሞች የምትኖሩ አንባቢዎች ከተመልካችነት አልፋችሁ ድንጋዩን በእጃችሁ መሞከር ትችላላችሁ፤ ብዙ የከርሊንግ ክለቦች ለጀማሪዎች የመለማመጃ ቀን ያዘጋጃሉ፣ ድንጋይና መጥረጊያም ያቀርባሉ። ከናንተ የሚጠበቀው ጉልበት ለማጠፍ የሚመች ሱሪ፣ ሞቅ ያለ ልብስና ሶሉ ንጹሕ የሆነ ስፖርት ጫማ ነው፤ ከጫማ የሚረግፍ አንዲት ጠጠር የድንጋይን መንገድ ታጣምማለችና ጫማውን እዚያው ደርሳችሁ ቀይሩ። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ቁጭ ብሎ መንሸራተት ሳያስፈልገው፣ ቆሞ እየተራመደ ድንጋዩን የሚገፋበት ረጅም ዘንግ እንዲሰጡት ክለቡን መጠየቅ ይችላል።