ግቢ ውስጥ የወፍ ቤት ስትሠሩ ከእነዚህ ስህተቶች ራቁ

ግቢ ውስጥ በሽቦ የታጠረ ሰፊ የወፍ ቤት፣ ውስጡ ከበቀቀን ወገን በጂና ባለጉትዬው ኮካቲል፣ ከትናንሾቹ ዘማሪ ወፎች ደግሞ ካናሪና ዜብራ ፊንች። ማየቱ ደስ ይላል፤ ጠዋት ድምፃቸውን መስማት ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ችግሩ ብዙ ሰው ቤቱን የሚሠራው ከውጭ ቆሞ ለሚያይ ሰው መሆኑ ነው። የኔ መለኪያ ሌላ ነው፦ ከሁሉም ደካማዋ ወፍ ትበላለች ወይ? ታርፋለች ወይ? ተረጋግታ ትተኛለች ወይ? ጉልበተኞቹማ የትም ይኖራሉ። እነዚህ ስህተቶች መጀመሪያ የሚጎዱት እሷን ነው።

ትንሽ ወፍ ሁሉ ይስማማል ብሎ መቀላቀል

ሱቅ ውስጥ በአንድ ኬጅ ታጭቀው ስታዩአቸው የተስማሙ ይመስላችኋል። ሰፊ ቤት ገብተው ሲለምዱ ግን ጠባያቸው ይወጣል።

ላቭ በርድ የሚባለውን ትንሽ በቀቀን ከሌላ ዝርያ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ። ምንቃሩ ብርቱ ነው፤ የትንሽ ወፍ ጣት ቆርጦ ይጥላል። በጂና ፊንችን አብሮ ማኖርም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። በጂ ሁሉን ነገር በምንቃሯ ነው የምትሞክረው። ፊንች አጠገቧ ካረፈች እግሯን ትይዛለች። የፊንች እግር ደግሞ ከክብሪት እንጨት ይቀጥናል፤ በቀላሉ ይሰበራል።

ስለዚህ ቆልማማ ምንቃር ያላቸውን ለብቻ፣ ቀጥ ያለ ምንቃር ያላቸውን ለብቻ አድርጉ። በጂና ኮካቲል አብረው ይኖራሉ። ኮካቲል በአካል ቢበልጥም ገር ነው፤ እረፍት የሚነሳው በጂው ነው፣ ጭራውን እየጎተተ። ኮካቲሎቹ የሚሸሹበት ከፍ ያለ ማረፊያ ይኑራቸው። ካናሪና ዜብራ ፊንች ሰፊ ቦታ ካገኙ ይቻቻላሉ። ሁለት ወንድ ካናሪ ግን በመራቢያ ወቅት ስለሚጣሉ ለአንድ ቤት አንድ ወንድ ይበቃል።

በጂ ስትገዙ ጾታውን እዩ። ከምንቃሩ በላይ፣ የአፍንጫው ቀዳዳ ያለበት ቆዳ፣ ባደገ ወንድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ነው። በሴቷ ነጣ ያለ ወይም ቡናማ ይሆናል። ሙሉ ነጭና ሙሉ ቢጫ በሆኑት ላይ ይህ ምልክት ያሳስታል። ጾታ ማየቱ ለምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ ጥንድ ያላገኘች ትርፍ ሴት የሌሎቹን ጎጆ ልትቀማ ትገባለች። ጠቡ እስከ ሞት ሊደርስ ይችላል።

የዱር ወፍ ይዞ መጨመርም አይገባም። አዲስ አበባ ዛፎች ላይ የምናያት አረንጓዴዋ፣ ክንፏ ጥቁር የሆነው ላቭ በርድ በተፈጥሮ የምትገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ነው። እዚያው ዛፏ ላይ ትኑር።

የዶሮ ሽቦ መጠቀም

ርካሽ ነው፣ ግን ቀዳዳው ሰፊ ነው፤ አይጥ እንደልቡ ይገባበታል። ቀዳዳው ከ12 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የተበየደ ሽቦ ፈልጉ። አዲስ ዚንክ የተቀባ ሽቦ ከሆነ በኮምጣጤና በብሩሽ ፈትጋችሁ በውኃ እጠቡት። በጂና ኮካቲል ሽቦ ያኝካሉ፤ ዚንኩ ይመርዛቸዋል።

ድመት ወፍ ለመጉዳት ውስጥ መግባት አያስፈልጋትም። ሽቦው ላይ ተለጥፋ የተኛችውን ወፍ ከውጭ በጥፍሯ ትይዛታለች። ሸለምጥማጥ ያለበት ሰፈር ከሆናችሁ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። የመኝታ እንጨቶቹን ከሽቦው ራቅ አድርጉ፤ ወለሉን በሲሚንቶ ዝጉ። በሩንም ድርብ አድርጉት፤ አንዱን ዘግታችሁ ሌላውን ስትከፍቱ የምታመልጥ ወፍ አትኖርም።

ጭስ፣ ንፋስና የሌሊት ድንጋጤን መርሳት

የወፍ ሳንባ ጭስ አይችልም። ከሰል የሚቀጣጠልበት፣ ቡና የሚቆላበት ጥግ አጠገብ አትሥሩ። ዕጣኑንም አርቁት።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይበርዳል። ደረቁን ብርድ ጤነኛና የለመደች ወፍ ትችለዋለች። ክፉው እርጥበትና ንፋስ አንድ ላይ ሲመጡ ነው። ቢያንስ ግማሹን ጣሪያ በቆርቆሮ፣ ንፋስ የሚመጣበትን ጎን በጣውላ ሸፍኑ። ምግብና ውኃው ከቆርቆሮው ሥር ይሁን፤ ክፍት በሆነው በኩል የውጭ ወፍ ኩስ ስለሚወርድ በሽታ ያመጣል።

የበዓል ዋዜማ ርችት ሲተኮስ ወፎች ይደነብራሉ፣ በተለይ ኮካቲል። በጨለማ ተነሥቶ ከሽቦው ጋር ይላተማል። ደብዘዝ ያለ አምፖል ሌሊቱን ቢበራ ማረፊያቸውን አይተው ይመለሳሉ።

አንድ ሳህን አስቀምጦ ሞልቷል ማለት

በጂ እህሉን ፈልፍላ ገለባውን እዚያው ትተዋለች። ከላይ ስታዩት ሳህኑ ሙሉ ነው። ጠጋ ብላችሁ እፍ በሉት። ገለባው ይበናል፤ ከሥር አንዳንዴ አንድም ፍሬ አታገኙም። ሳህኑ ሙሉ እየመሰለ ወፎች የሚራቡት እንዲህ ነው። በየቀኑ እፍ እያላችሁ ሙሉት።

ሳህኑ አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ ጉልበተኛዋ ትቀመጥበታለች፤ ደካማዋ የተራረፈውን ከወለል ትለቅማለች። ቢያንስ 3 ሳህን በተለያየ ቦታ ስቀሉ።

ዳጉሳ ጥሩ ነው። ኑግም እዚሁ የሚበቅል፣ አውሮፓና አሜሪካ ድረስ ለወፍ ምግብነት የሚሸጥ እህል ነው። ካናሪና ፊንች ይወዱታል፤ ቅባቱ ስለሚበዛ ግን ለቅምሻ ያህል ብቻ ስጡ። እህል ብቻውን ስለማይበቃ ጎመን፣ የተፈቀፈቀ ካሮት፣ ተቀቅሎ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ጨምሩበት። አቮካዶ ግን በፍጹም፤ ለወፍ መርዝ ነው።

አንድ ዓይነት ለስላሳ ዱላ

የሚያርፉበት እንጨት ውፍረቱ አንድ ከሆነ እግራቸው ይቆስላል። ወፍራምና ቀጭን የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ቁረጡላቸው። የበጂ አገር አውስትራሊያ ነው፤ ባሕር ዛፍም የመጣው ከዚያው ነው። ቅርፊቱን ስትልጥ ትውላለች።

ጎጆውን ሳያወጡ ሁሌ እዚያው መተው

የበጂ የጎጆ ሳጥን ከጥንዶቹ ቁጥር ይብዛ፤ ሁሉም በእኩል ከፍታ ይሰቀል። ከፍ ያለ ሳጥን ካለ ሁሉም እሱን ነው የሚፈልጉት። ዜብራ ፊንች ጎጆ እስካገኘች ድረስ እንቁላል መጣሏን አታቆምም። ሰውነቷ ይደክማል፤ እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ ተይዞ ልትሞት ትችላለች። ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ከፈለፈለች በኋላ ጎጆውን አውጥታችሁ አሳርፏት።

አዲስ ወፍ በገዙበት ቀን ማስገባት

አዲስ ወፍ ለ30 ቀን በሌላ ቦታ፣ በራሷ ሳህን ትቆይ። እሷን የምትመግቡት ከነባሮቹ በኋላ ይሁን፤ ከዚያ እጃችሁን ታጠቡ።

ወፍ በሽታዋን እስከ መጨረሻው ትደብቃለች። ላባዋን ነፍታ ወለል ላይ የምትቀመጥ፣ ጭራዋ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ወፍ ካያችሁ ነገ ልያት አትበሉ። ያኔውኑ አውጥታችሁ ወደ 30 ዲግሪ ሙቀት ያለው ጸጥ ያለ ቦታ አስቀምጧት፤ የእንስሳት ሐኪምም ጥሩላት። የሌሎቹንም የውኃ ዕቃ በዚያው ሰዓት በፈላ ውኃ አጥባችሁ ቀይሩ።