አዲስ የየብስ ቀንድ አውጣ ዝርያ ለሳይንስ እንዴት ይገለጻል?

ጥቃቅን የየብስ ቀንድ አውጣዎችን በዓይን እየፈለጉ ማግኘት ዘበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ከቦርኒዮ ደሴት 48 አዳዲስ ዝርያዎች በአንድ ጽሑፍ ሲገለጹ፣ አክሜላ ናና የተባለችው ዛጎሏ 0.7 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከአፈር ነው።

ከአፈሩም በፊት ግን ፈቃድ አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሰበስብና ናሙና ወደ ውጭ የሚልክ ሰው የዘረመል ሀብት አጠቃቀምን የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 482/1998ን ማንበብና የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ማነጋገር አለበት። ያለ ፈቃድ የወጣ ናሙና ኋላ መዘዝ ያመጣል።

አሰባሰብ

የኖራ ድንጋይ ገደል ሥር ይምረጡ። ቀንድ አውጣ ዛጎሉን የሚሠራው ከካልሲየም ውሕድ ስለሆነ እንዲህ ባለ ቦታ ይበዛል፤ ከሞተ በኋላም ዛጎሉ ቶሎ አይሟሟም። ከገደሉ ግርጌ ጥቂት ሊትር አፈርና የበሰበሰ ቅጠል ወስደው በደንብ ያድርቁ። ከዚያ ውኃ የሞላ ባልዲ ውስጥ ጨምረው ያማስሉት። ጠጠሩ ይዘቅጣል፤ ባዶው ዛጎል ግን አየር ስለያዘ ከቅጠል ፍርፋሪው ጋር ይንሳፈፋል። የተንሳፈፈውን በወንፊት ጠልፈው ያድርቁና ማይክሮስኮፕ ሥር በረጠበ ቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ ይልቀሙት። ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑና የሰብሳቢው ስም በእርሳስ ተጽፎ ከናሙናው ጋር ይቀመጥ። ቦታው ያልታወቀ ዛጎል ጌጥ ከመሆን አያልፍም።

እንስሳውን በሕይወት ካገኙት ውኃ እስከ አፉ የሞላ ብልቃጥ ውስጥ ከተው፣ አየር እንዳይኖር ዘግተው ያሳድሩት። ሰውነቱ ተዘርግቶ ይሞታል፤ ከዚያ ወደ አልኮል ይዛወራል። በቀጥታ አልኮል ውስጥ የገባ ቀንድ አውጣ ወደ ዛጎሉ ተሸማቅቆ ይቀራልና የውስጥ አካሉን ለማጥናት ያስቸግራል። ለዘረመል ምርመራ የሚሆነውን ቁራጭ ሥጋ ለብቻው 96 በመቶ አልኮል ውስጥ ያኑሩት።

በእርግጥ አዲስ ነው?

ጊዜ የሚበላውና ብዙ ሰው የሚሰለችበት ክፍል ይህ ነው። በአካባቢውና በአጎራባች አገሮች ያሉትን የቅርብ ዘመዶች የገለጹ ጽሑፎችን ሁሉ ማንበብ ያስፈልጋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከወጡት ገለጻዎች ብዙዎቹ ጥቂት የላቲን መስመሮች ብቻ ናቸው፤ ሥዕል እንኳን የሌላቸው አሉ። እነዚህን በቃላት ብቻ ማነጻጸር አይቻልም። ስሙ የተሰጠበት ዛጎል ያለበትን ሙዚየም አፈላልጎ ወይ ሄዶ ማየት፣ ወይ ጥሩ ፎቶግራፍ መጠየቅ ግድ ይላል።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ያልጎለመሰ ዛጎል ነው፤ በብዙ ዝርያዎች የአፉ ከንፈር የሚወፍረው ወይም ወደ ውጭ የሚታጠፈው እንስሳው ሲጎለምስ በመሆኑ፣ ጫጩቱ ሌላ ዝርያ ይመስላል። ሁለተኛው መጠንና ቀለም ነው። በአንድ ዝርያ ውስጥ ሁለቱም ሊለዋወጡ ስለሚችሉ በእነሱ ብቻ አይመኩ። በተቃራኒው ዛጎላቸው አንድ ዓይነት ሆኖ በመራቢያ አካላቸው ወይም በዘረመላቸው የሚለያዩ ዝርያዎችም አሉ። እኔ ከሁለት የማይገናኙ ማስረጃዎች ባነሰ ነገር አዲስ ዝርያ መባሉን አልወድም፤ የዘረመል ልዩነት መቶኛ ብቻውን አያሳምነኝም።

ዛጎሉን ማንበብ

ጫፉን ወደ ላይ፣ አፉን ወደ እርስዎ አድርገው ይያዙት። አፉ በቀኝ ከሆነ ቀኝ ዞር፣ በግራ ከሆነ ግራ ዞር ነው። ቁመቱን፣ ስፋቱንና የአፉን ልኬት ከበርካታ የጎለመሱ ዛጎሎች ወስደው ትንሹንና ትልቁን ይጻፉ። ቀጥሎ ከላይ ሆነው ይመልከቱት፤ ጥምዙ ከሚጀምርበት ነጥብ ቀጥ ያለ መስመር በሐሳብዎ አስምረው፣ ጥምዙ መስመሩን ባለፈ ቁጥር አንድ እያሉ ይቁጠሩ። ትርፉን በሩብ ይግለጹ። ከታች መሃል ላይ ያለው ቀዳዳ፣ ማለትም እምብርቱ፣ ክፍት ነው ወይስ የተዘጋ? ገጹ ላይ ያሉት ሸንተረሮች ወዴት ያዘነብላሉ? በአፉ ውስጥ ጥርስ መሰል ጉብታ አለ? ክዳንስ አለው?

ከዚያ ረጅሙን ገለጻ ከመጻፍዎ በፊት ዝርያው ከቅርብ ዘመዶቹ በምን እንደሚለይ በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ያስፍሩ። «ቆንጆ»፣ «ትንሽ»፣ «ሰፋ ያለ» የሚሉ ቃላት ይውጡ። አንባቢው አንድ ዛጎል ይዞ ዝርያውን በእነዚያ ዓረፍተ ነገሮች ካልለየ፣ የተቀረው አሥር ገጽ አያድነውም።

ናሙናና ስም

ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ለሚወጡ የዝርያ ስሞች ስሙን የሚሸከም ናሙና ተለይቶ እንዲጠቀስ፣ የት እንደሚቀመጥም እንዲጻፍ ያስገድዳል። አንድ ዛጎል ከተመረጠ ሆሎታይፕ ይባላል። ኋላ ክርክር ቢነሳ ዳኛው እሱ ነውና ያልተሰበረና የጎለመሰውን ይምረጡ፤ በግል መሳቢያ ሳይሆን በሕዝብ ሙዚየም ያስቀምጡት።

ስሙ በላቲን ፊደል የሚጻፍ ሁለት ቃል ነው፤ የመጀመሪያው የጂነሱ ማለትም የቅርብ ዘመዶችን የሚያቅፈው ምድብ፣ ሁለተኛው የዝርያው ነው። ዝርያው በወንድ ስም ከተሰየመ በሁለተኛው ቃል መጨረሻ «ኢ»፣ በሴት ከሆነ «ኤ» ይጨመራል። እ.ኤ.አ. በ2020 ከብሩናይ ደን የተገለጸችው ሁለት ሚሊሜትር ገደማ የሆነች ቀንድ አውጣ፣ ያገኟት በጎ ፈቃደኞች ድምፅ ሰጥተው ክራስፔዶትሮፒስ ግሬታቱንበርጌ ተብላለች፤ ለአየር ንብረት ተሟጋቿ ለግሬታ ቱንበርግ ክብር ነው። ሌሎች ስሙን ለማሳሰቢያ ይጠቀሙበታል፦ እ.ኤ.አ. በ2014 ማሌዥያ ውስጥ ከጉኑንግ ካንታን ኮረብታ የተገለጸችው ዝርያ ስሟን ያገኘችው ያኔ ኮረብታውን ለሲሚንቶ ይቆፍር ከነበረው ከላፋርጅ ኩባንያ ነው። በራስ ስም መሰየምን ደንቡ አይከለክልም፤ ግን ነውር ነው።

ማሳተም

ጽሑፉ በሌሎች ባለሙያዎች በሚገመገም መጽሔት ላይ ይውጣ። በኤሌክትሮኒክ መልክ ብቻ የሚታተም ከሆነ ሥራው አስቀድሞ ዙባንክ በተባለው መዝገብ መመዝገብና ይህም በጽሑፉ ውስጥ መታየት አለበት፤ ይህ ከጎደለ ስሙ በደንቡ ፊት እንዳልወጣ ይቆጠራል። ከታተመ በኋላ የገላጩ ስምና ዓመተ ምሕረቱ ከዝርያው ስም ኋላ ይጻፋሉ። ሌላ ተመራማሪ ዝርያውን ወደ ሌላ ጂነስ ካዛወረው ሁለቱም ቅንፍ ውስጥ ይገባሉ።