ማሽን ላይ ላለ ህመምተኛ አንቲባዮቲክ ስናዝ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጽኑ ህሙማን ክፍል ራውንድ ላይ «ክሬቲኒኑ (ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ የሚጨምረው ቆሻሻ) 4 ነው» ሲባል «እንግዲያው ዶዙ ይቀነስ» የሚል አይጠፋም። እኔም ብዬ አውቃለሁ። አልጋው አጠገብ የቆመው የኩላሊት እጥበት (ዳያሊሲስ) ማሽን መድኃኒትንም ከደም እንደሚያወጣ የሚታወሰን ግን ዘግይቶ ነው።

የመጀመሪያውን ዶዝ መቀነስ፦ ከሁሉም የከፋው ይሄ ይመስለኛል። የመጀመሪያው ዶዝ የሚወሰነው መድኃኒቱ በሚሰራጭበት የሰውነት ፈሳሽ ነው እንጂ በኩላሊት አይደለም። ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን የሚያናጋበት ሕመም) የያዘው ሰው ደግሞ ብዙ ፈሳሽ ተሰጥቶት አብጧል፤ መድኃኒቱ ይቀጥንበታል። ኩላሊቱ ቢቆምም ሙሉውን ይውሰድ፤ መቀነስ ካስፈለገ ከሁለተኛው ይጀመር።

ዳያሊሲስን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት፦ ለ4 ሰዓት የሚደረገው እጥበትና ሌት ተቀን የሚሠራው ማሽን ለየቅል ናቸው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው የማያቋርጠው ላይ ሆኖ፣ ማሽኑ በኪሎ በሰዓት 25 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ አጣርቶ ካወጣ በሰዓት 1750፣ በደቂቃ 29 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል። ሜሮፔነም የተባለው አንቲባዮቲክ በማጣሪያው ያለ ብዙ ችግር ስለሚያልፍ፣ ህመምተኛው በደቂቃ 30 ሚሊ ሊትር አካባቢ የሚያጣራ ኩላሊት አለው ማለት ነው። ሽንት የለውም ብሎ በቀን አንዴ ብቻ 500 ሚሊግራም ማዘዝ ለባክቴሪያው ፋታ መስጠት ነው። ሴፍትሪያክሶን የተባለው ሌላ አንቲባዮቲክ ግን አብዛኛው ከደም ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ ማሽኑ ብዙም አይነካውም።

ሰዓት አለማስተያየት፦ ጠዋት 12 ሰዓት ሜሮፔነም ይሰጣል፣ 1 ሰዓት ላይ እጥበት ይጀመራል። ቻርቱ ላይ «ተሰጥቷል» ተብሎ ተፈርሟል፤ መድኃኒቱ ግን ጥሩ ድርሻው ከቆሻሻው ጋር ሄዷል። እጥበት ባለበት ቀን የዕለቱ ዶዝ ከእጥበቱ በኋላ እንዲውል ከነርሷ ጋር መነጋገር ነው።

በኤክሞ ምክንያት ሁሉን መጨመር፦ ኤክሞ የልብንና የሳንባን ሥራ የሚያግዝ ማሽን ነው። ቱቦዎቹ ስብ ወዳድ መድኃኒቶችን ይመጥጣሉ፤ የህመም ማስታገሻው ፌንታኒልና ማደንዘዣው ሚዳዞላም የታወቁት ናቸው። ከፈንገስ መድኃኒቶች ቮሪኮናዞልም አለ፤ እሱን በደም መጠኑ መከታተል ይሻላል። ሜሮፔነምን የመሰለ ውሃ ወዳድ መድኃኒት ላይ ግን ከቱቦው ይልቅ ሕመሙ ራሱ የሚያመጣው ለውጥ ይበልጣል።

ማጣሪያው መቆሙን አለመጠየቅ፦ ሌሊት ደም ረግቶበት የእጥበት ማሽኑ ቆሞ ያድራል፣ ዶዙ ግን እንደነበረ ይቀጥላል። ሴፌፒም የተባለውን አንቲባዮቲክ የሚወስደው ህመምተኛ ጠዋት ሲቃዥና እጁ ሲንቀጠቀጥ ካገኛችሁት፣ መድኃኒቱ በደሙ ተጠራቅሞ ሊሆን ስለሚችል፣ የጭንቅላት ሲቲ ከማዘዛችሁ በፊት ማሽኑ ስንት ሰዓት እንደቆመ ጠይቁ።