ክፋት ባለበት ዓለም በእግዚአብሔር ማመን ያስኬድ እንደሆነ እንዴት እንመርምር?

አስቀድመው የጠያቂውን ሁኔታ ይመልከቱ። እዚህ ሐዋሳ ልጁን የቀበረ አባት «ለምን?» ቢል ክርክር አልጠየቀም። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን አብረውት መሬት ላይ በዝምታ መቀመጣቸው መልካም ነበር፤ መከራው የኃጢአቱ ዋጋ እንደሆነ ሊያስረዱት ሲነሡ ግን በምዕራፍ 42 የተገሠጹት እነርሱ ናቸው። ይህን ንግግር በለቅሶ ድንኳን ደጋግሜ ስለምሰማው፣ በሐዘንተኛ ፊት ምክንያት ከመደርደር እንዲቆጠቡ አጥብቄ እለምናለሁ።

ጠያቂው መመርመር የሚፈልግ ከሆነ ሁለት የተለያዩ ክሶችን አያደባልቁ። ፈላስፋው ጆን ማኪ በ1955 እ.ኤ.አ. ሁሉን ቻይና ፍጹም ቸር አምላክ ከክፋት ጋር አብሮ ሊኖር አይችልም ብሎ ተከራከረ። አማኙ ፈላስፋ አልቪን ፕላንቲንጋ በበኩሉ፣ በነፃነት መልካሙን የሚመርጥ ፍጡር ክፉውንም መምረጥ ስለሚችል፣ ነፃ ምርጫን አስገድዶ ማስመረጥ ለሁሉን ቻይም ቢሆን ትርጉም የለውም ሲል መለሰ። ይህ መልስ የመጀመሪያውን ክስ ያዳክመዋል ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ክስ፣ ማለትም ምክንያት የሌለው የሚመስል ሥቃይ የአምላክን መኖር አጠራጣሪ ያደርገዋል የሚለው፣ ይከብዳል። ፈላስፋው ዊልያም ሮው በ1979 እ.ኤ.አ. መብረቅ ባስነሣው የደን ቃጠሎ ተለብልቦ ማንም ሳያየው ለቀናት ተሠቃይቶ የሚሞት የሚዳቋ ግልገል አሰበ፤ በዚህ ሥቃይ ውስጥ የማንም ሰው ነፃ ፈቃድ የለበትም። አንዳንዶች ጉዳት የሚያመጣው የተፈጥሮ ሕግ ሥርዓት በጎ ነገርንም ይሰጣል ብለው ይመልሳሉ። ከተማችን የቆመችው በጥንት እሳተ ገሞራ በሰመጠ ሰፊ ጎድጓዳ መሬት ውስጥ ሲሆን፣ ምድርን የሚያናውጠው የስምጥ ሸለቆ ኃይል ሐይቁንና የወንዶ ገነትን ፍል ውኃ የሰጠንም ነው። ሆኖም ይህ ሥርዓቱን ቢያስረዳም፣ አንድ ሕፃን ለምን በርዕደ መሬት እንደሚሞት አያስረዳም፤ ይህን ሳይሸፍኑ ይናገሩ።

«መንገዱ አይመረመርም» የሚለውንም በጥንቃቄ ይጠቀሙበት። የሰው አእምሮ ውሱን ስለሆነ «ምክንያቱ አልታየኝም» ከማለት ተነሥቶ «ምክንያት የለም» ወደሚል ድምዳሜ መዝለል አይቻልም፤ የማያምን ወዳጅዎ ይህን ሊያስብበት ይገባል። አማኙም በአንጻሩ ዋጋ ይከፍላል፦ የክፋቱን ምክንያት አላውቅም ያለ ሰው ከመኪና አደጋ የተረፈው ለምን እንደሆነ በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም።

ከዚያ በኋላ ክፋቱን ብቻውን ሳይሆን ከዓለም መኖር፣ ከሕሊና ምስክርነትና ከጸሎት ሕይወት ጋር አብረው ይመዝኑ። በእኔ ሚዛን እምነቱ ያይላል፤ የሌላውን ሚዛን ግን በእርጋታ ያድምጡ፣ በተለይም ከመከራዎች ሁሉ የትኛው ልቡን እንደከበደው ጠይቀው ውይይቱን ከዚያ ይጀምሩ።